የካሮት ሽሎቼ ቅርጻቸው ሙሉ ነው፤ ሲደርቁ ግን ሁሉም ይሞታሉ

ሽል ፈላጊዋ (ጎንደር፣ ማራኪ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ሥራዬ ከካሮት ሴል ሽል፣ ማለትም በዘር ውስጥ እንዳለው ያለ ጨቅላ ተክል፣ ማሳደግ ነው። አሠራሩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ከካሮት ችግኝ ግንድ ትንሽ ቆርጬ ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 ባወጡት የማዕድን ቅንብር ላይ አስቀምጣለሁ። በአንድ ሊትር 30 ግራም ስኳርና 1 ሚሊግራም ቱ-ፎር-ዲ ይገባበታል። አዎ፣ ገበሬው የጤፍ አረም የሚረጨው ያው ቱ-ፎር-ዲ ነው፤ እዚህ ግን በጣም ቀጥኖ ይገባል። ቁራጩ ካለስ የሚባል ፈርፋራ፣ ቢጫማ የሴል ክምችት ያወጣል። ካለሱን ቱ-ፎር-ዲ ወደሌለበት ፈሳሽ ሳዛውረው ሽሎች ይታያሉ፤ መጀመሪያ ድቡልቡል፣ ቀጥሎ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ከዚያ እየረዘመ ሄዶ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎችና የሥር ጫፍ ያለው ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያይቻቸዋለሁ፤ ምንም የጎደላቸው አይመስልም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ዘር አድርቄ ላስቀምጣቸው ፈልጌ በንጹሕ አየር ካቢኔ ውስጥ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ተጣብቀው ወረቀት ሆነው አገኛቸዋለሁ። ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነው ይሟሟሉ። አንድም የሚያቆጠቁጥ የለም። ከአራዳ ገበያ የገዛሁት የካሮት ዘር ግን በወረቀት ከረጢት ከርሞም ይበቅላል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ፕሮቲን ነው። በብራድፎርድ ዘዴ ስለካ በእኩል ክብደት ከሙሉው ዘር ያገኘሁት ፕሮቲን ከሽሎቹ እጅግ ይበልጣል። ይህ ለሞታቸው ምክንያት ይሆን? አማካሪዬ በሥራ ተወጥረዋል፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

የአዘዞው፦

ቀስ ብለሽ አድርቂያቸው። የካቢኔው አየር ኃይለኛ ነው። ጎንደር ደግሞ በበጋ አየሩ ራሱ ደረቅ ነው።

አሮጌው መምህር፦

ልጄ፣ የአዘዞው ያለው ትክክል ነው፤ ግን ቀስ ብለሽ ብታደርቂያቸውም እንዳሉ ከሆነ አይተርፉም። ሽል ቅርጹን መያዙና ሽል መብሰሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሴሉ በራሱ ይችለዋል። ስቲዋርድ በአሜሪካ፣ ራይነርት በጀርመን በ1958 ካሮት ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን በዘር ውስጥ የሚያዘው የእናት ተክሉና በሽሉ ዙሪያ ያለው ኢንዶስፐርም፣ ማለትም ሽሉን የሚመግበው የዘሩ ክፍል፣ ነው። ፔትሪ ዲሽ ላይ ይህን የሚያዝላቸው የለም።

በፍሬ ውስጥ ያለ ሽል ቅርጹን ከጨረሰ በኋላ ወዲያው አይበቅልም። የሴሎቹ መከፋፈል ይቆማል። አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። በዙሪያው ያለው ፈሳሽም ብዙ የሟሟ ነገር ስላለበት ሽሉ እንደ ልቡ ውሃ አይስብም። ሁለቱ ተጋግዘው ሽሉን ከመብቀል ይይዙትና ስንቅ እንዲያከማች ያደርጉታል። ስንቁ እንደ ተክሉ ይለያያል። በቅባት እህሎች ውስጥ ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታዎች ይቀመጣል፤ ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ ኦሊዮሲን የሚባል ፕሮቲን ይሸፍናቸዋል። የስንቅ ፕሮቲኖቹ፣ ማለትም ግሎቡሊኖችና አልቡሚኖች፣ በልዩ የሴል ከረጢቶች ውስጥ ይታሸጋሉ። ሌላ ጊዜ በሴሉ ውስጥ አይታዩም፤ ጂኖቻቸው የሚከፈቱት በዚያ የብስለት ወቅት ነው።

ከስንቁ ኋላ የድርቀቱ ዝግጅት ይመጣል። ጥያቄሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊዮን ዱር በ1981 በጥጥ ዘር ላይ ሲሠራ በሽሉ እድገት መጨረሻ ብቻ የሚበዙ ፕሮቲኖች እንዳሉ አሳየ። ኤልኢኤ ፕሮቲኖች ይባላሉ። ውሃ እጅግ የሚወዱ፣ ቢቀቀሉ እንኳን እንደ እንቁላል የማይረጉ ናቸው። ውሃው ሲወጣ የሴሉን ፕሮቲኖችና ሽፋኖች ከመጣበቅ ይጠብቃሉ። ከእነሱ ጋር ሱክሮስ፣ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች ይከማቻሉ። ዘሩ ሲደርቅ እነዚህ ስኳሮች ክሪስታል ሳይሠሩ ወደ መስታወትነት ይለወጡና የሴሉን ውስጥ ባለበት ያስቀሩታል። በዚህ ጊዜ የዘሩ እርጥበት ወደ 10 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ ሕይወቱ ግን አለ።

ራፊኖስና ስታኪዮስ በእያንዳንዱ ቤት አሉ። አተርና ሽምብራ ሲበላ ሆድ የሚነፋው በእነሱ ምክንያት ነው፤ የሰው አንጀት የሚሰብራቸው ኤንዛይም የለውም፣ ባክቴሪያዎች ግን ያፈሏቸዋል። በጾም በቆልት ሲሠራ ዘሩ ሲነቃ እነዚህን ስኳሮች ራሱ ይሰብራቸዋል፤ ለዚህ ነው በቆልት ከጥሬው ይልቅ ለሆድ የሚቀለው። ስኳሮቹ ሲሄዱ ግን ድርቀትን የመቋቋም ኃይሉም አብሮ እየሄደ ነው።

የአንቺ ሽሎች ከዘር ይልቅ ብቅል ይመስላሉ። ለጠላ ገብስ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ሥሩ በደንብ ከረዘመ በኋላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ዱቄት ይሆናል እንጂ ተመልሶ ችግኝ አይሆንም። ሽሎችሽ የብስለቱን ምዕራፍ ዘለው በቀጥታ ወደ መብቀል ገብተዋል። ሥር ካወጣ በኋላ የሚደርቅ ሽል፣ ከየትም ይምጣ፣ ዕጣው ይኸው ነው።

መፍትሔ አለው። ካናዳውያን በ1990 ያሳተሙት የአልፋልፋ ሥራ አለ። ከሴል ያሳደጓቸውን ሽሎች በትክክለኛው ደረጃ ላይ አብሲሲክ አሲድ ሰጥተው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ እርጥበት ድረስ አድርቀው እንደገና አበቀሏቸው። ሆርሞኑን ያላገኙት ሞቱ። አንቺም ሽሎቹ ከልብ ቅርጽ አልፈው መርዘም ሲጀምሩ፣ ሥር ሳያወጡ፣ 20 ማይክሮሞላር አብሲሲክ አሲድ ስጫቸው። በሊትር 5.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስኳሩንም ወደ 60 ግራም ከፍ አድርጊው፤ ውሃ የመሳብ ነፃነታቸውን ይቀንሰዋል።

መተማ ወርቅ፦

መምህር ስለ ብስለት የጻፉትን በሰሊጥ ማሳ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እያበበ ስለሚሄድ የታችኛው ቅርፊት ሲበስል የላይኛው ገና ለምለም ነው። የታችኛው ከፍቶ ዘሩን ሳያራግፍ መታጨድ ስላለበት ገበሬው የላይኛውን ሳይደርስ ይቆርጠዋል። ነዶው ቆሞ ሲደርቅ ከግንዱ ጫፍ ያሉት ቅርፊቶች የሚሰጡት ዘር የቀጠነና ቀለሙ የደበዘዘ ነው። በማሳ ላይ የሚዘራ ሰው ይህን ዘር ለይቶ ያወጣዋል፤ መብቀሉ የተበላሸ ነውና። ሽሉ ቅርጹ ሙሉ ነው፤ ስንቁ ነው የጎደለው።

በበሰለ ሰሊጥ ውስጥ ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከፕሮቲኑ ትልቁ ድርሻ 11ኤስ ግሎቡሊን፣ ቀጣዩ 2ኤስ አልቡሚን ነው። ሁለተኛው በፈረንጆች አገር ሰሊጥ የሚያሳክካቸውን ሰዎች አለርጂ ከሚያመጡት አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ አይነገርም።

ቢላዋ በእጅ፦

እህቴ፣ ስለ ፕሮቲኑ ልኬት አንድ ነገር ልበልሽ፤ ሌሎቹ አልፈውታል። ያወዳደርሽው እኩል ነገር አይደለም።

ከገበያ የምትገዢው የካሮት "ዘር" በእውነቱ የፍሬው ግማሽ ነው። በላዩ ያለው ጎድጎድና እሾህ የፍሬው ቅርፊት ነው። ያን ስትልጪ ዘሩ አለ። ዘሩን ስትሰነጥቂ ደግሞ የምታገኚው ሞላ ያለ፣ ነጣ ያለ ኢንዶስፐርም ነው። ሽሉ ከአንድ ጫፍ በኩል ቀጭን ሆኖ የተጋደመ፣ ከኢንዶስፐርሙ በጣም የሚያንስ ነው። የካሮት ወገን የሆኑ ተክሎች፣ ድንብላልና እንስላልም ጭምር፣ ሽላቸው ዘሩ ሲበስል ገና ትንሽ ነው፤ ዘሩ ውሃ ካገኘ በኋላ ኢንዶስፐርሙን እየበላ በውስጡ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥሩ የሚወጣው። ስለዚህ ዘይቱም ፕሮቲኑም በአብዛኛው ያለው ኢንዶስፐርሙ ላይ ነው። ሙሉውን ፈጭተሽ ከሽሎችሽ ጋር ስታወዳድሪ የእናትና የልጅ ጎተራ አንድ ላይ እየቆጠርሽ ነው።

ማድረግ ያለብሽ ይህ ነው። የካሮቱን ዘር ሌሊቱን በእርጥብ ወረቀት ላይ አሳድሪው። በማጉያ ሥር በሁለት መርፌ ኢንዶስፐርሙን ክፈቺውና ሽሉን አውጪው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሽል ታበላሺያለሽ፤ ሥሩ ያለበትን ጫፍ ካገኘሽ በኋላ ግን ከዚያ በኩል ስትጫኚው ራሱ ይንሸራተታል። የተሰበሰቡትን ሽሎች ከራስሽ ሽሎች ጋር በእኩል የደረቅ ክብደት ለኪ። በእርጥብ ክብደት ከለካሽ የአንቺዎቹ ውሃ ስለሆኑ ሁሌም ይሸነፋሉ።

ብራድፎርድ አጠቃላይ መጠን ብቻ ነው የሚነግርሽ። የትኛው ፕሮቲን እንደጎደለ ለማየት ፕሮቲኖቹን በመጠናቸው በሚለያይ ጄል ላይ ማስኬድ አለብሽ። ጄል ከሌለ ደግሞ በቀላሉ የሚሆን አንድ ነገር አለ፦ የሽሎቹን ጭማቂ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አስቀምጪ፤ አብዛኛው ፕሮቲን ይረጋል። በሴንትሪፉጅ ካወረድሽው በኋላ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ በብራድፎርድ ለኪ። መምህር የጠቀሷቸው ኤልኢኤ ፕሮቲኖች ካሉ የሚቀሩት እዚያ ውስጥ ነው። ብቸኛ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆርሞን ያገኙትንና ያላገኙትን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ሽል ፈላጊዋ፦

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዘሩ ፍሬ መሆኑን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ስፈጨው ግን ትዝ አላለኝም ማለት ይቻላል። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ካለስ ውስጥ የነበረው ቱ-ፎር-ዲ ቅሪት ሽሎቹን አላበላሸብኝም? ሁለተኛ፣ ከየፈሳሹ የሚወጡት ሽሎች ቁጥራቸው በጣም ይለያያል፤ አሮጌው ፈሳሽ ከአዲሱ ይሻላል። ለምን?

አሮጌው መምህር፦

ቱ-ፎር-ዲ ቢቀር ኖሮ የልብ ቅርጽ ባላየሽ ነበር። ቱ-ፎር-ዲ ኦክሲን ከሚባሉት የእድገት ሆርሞኖች ወገን ነው፤ ኦክሲኑ እስካለ ድረስ ካሮት ከድቡልቡሉ የሴል ክምችት አያልፍም፤ ሲነሳ ነው ሽሉ መንገዱን የሚይዘው።

ስለ አሮጌው ፈሳሽ ያየሽውን አትናቂው። ሴሎቹ ወደ ፈሳሹ የሚለቋቸው ነገሮች አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሙቀት ሲጨምርባቸው ከድቡልቡሉ ደረጃ የማያልፉ የካሮት ሴሎች ነበሩ። ከጤናማ ካሮት ሴሎች ፈሳሽ የተገኘ አንድ ፕሮቲን ሲጨመርላቸው ሽል መሥራት ጀመሩ። ፕሮቲኑ ኪቲኔዝ፣ ማለትም ኪቲንን የሚቆርጥ ኤንዛይም፣ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በ1992 ታተመ። ኪቲን የፈንገስና የነፍሳት ቅርፊት ነው፤ ካሮት ኪቲን የለውም። ታዲያ ኪቲኔዝ እዚያ ምን ይሠራል? በሴሉ ግድግዳ ላይ ያሉ፣ ስኳር የለበሱ አራቢኖጋላክታን ፕሮቲኖችን እንደሚቆርጥ ኋላ ላይ ታይቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ኪቲኔዝ በፍሬ ውስጥ የሚገኘው በኢንዶስፐርሙ እንጂ በሽሉ አለመሆኑ ነው። ሽል የማይሆኑት ሴሎች ሽል ለሚሆኑት ሞግዚት ናቸው ማለት ነው። አሮጌው ፈሳሽ የተሻለው ሞግዚቶቹ ስለበዙበት ይመስለኛል።

ሌላው ናይትሮጅን ነው። ናይትሬት ብቻ ያለበት ፈሳሽ ላይ ካሮት ሽል ለመሥራት ይለግማል፤ አሞኒየም ይፈልጋል። በሙራሺጌና ስኩግ ቅንብር ውስጥ በሊትር 1,650 ሚሊግራም አሞኒየም ናይትሬት አለ፤ ዋጋ ለመቀነስ ብለሽ በማዳበሪያ ናይትሬት እንዳትተኪው።

ደንቢያ አፈር፦

ይቅርታ፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አልሠራም። ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ፤ ደስም አለኝ። ግን አንድ ሰው ይንገረኝ፦ ካሮት ዘር እያለው ከካሮት ሴል ሽል አውጥቶ፣ ሆርሞን ገዝቶ፣ አድርቆ፣ እንደገና ዘር ለማስመሰል መልፋት ለማን ይጠቅማል? መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበላሽ ሥራ ነው። እኛ ገና የኑግ ዘር በጊዜው ለገበሬው አላደረስንም።

ደግሞ ከሴል የወጣ ሁሉ እንደ እናቱ አይሆንም። በሩቅ ምሥራቅ አገሮች የዘይት ፓልም ዛፎችን በዚህ መንገድ አባዝተው ተክለው ነበር። ዛፎቹ ከዓመታት በኋላ ሲያብቡ ከፊሎቹ አበባቸው ተበላሽቶ ፍሬ አልሰጡም። ምክንያቱ በዲኤንኤው ላይ ያለ የሜቲል ምልክት መጥፋት እንደሆነ በ2015 ታወቀ። የጂኑ ፊደል አልተለወጠም፤ ላዩ ላይ ያለው ማኅተም ነው የጠፋው። ይህን ጉዳት ካሮት ላይ በወራት ታየዋለህ፤ ዛፍ ላይ ግን ገበሬው ዓመታት ከጠበቀ በኋላ ነው የሚያየው።

የጅማው፦

ወንድሜ፣ ካሮት መለማመጃ ነው። ላቦራቶሪ ካሮትን የሚወደው ስለሚታዘዝ ነው። ጥቅሙን ቡና ላይ ና እይ። ሁለት የቡና ዓይነት ተዳቅሎ የሚገኘው የመጀመሪያው ትውልድ ምርቱ ብልጫ አለው፤ ዘሩን ብትዘራ ግን ልጆቹ ይበታተናሉ። ያን ዲቃላ እንዳለ ለማብዛት ከቅጠሉ ሽል ማሳደግ አንዱ ዋና መንገድ ነው፤ ከቡና ሴል ሽል ማውጣት ራሱ የተጀመረው በ1970 ነው።

ቡና ስለ ድርቀት ላነሣችሁት ጥያቄም ራሱን የቻለ መልስ አለው። ሁሉም ዘር እንደ ገብስ አይደርቅም። ማንጎና አቮካዶ ከደረቁ ይሞታሉ፤ ቡና በመካከል ነው። ወደ 10 በመቶ እርጥበት ድረስ ይታገሣል፣ ግን እንደ ስንዴ ዓመታት በቅዝቃዜ አይቀመጥም። ስለዚህ ከቡና ሴል የወጣ ሽል ደርቆ አልበቅል ቢል ጥፋቱን ሁሉ በላቦራቶሪው ላይ ማላከክ አይቻልም፤ ዘሩ ራሱ እንደዚያ ነው። የቡና ፍሬ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ጋላክቶማናን በሚባል ስኳር ስለሆነ ነው፤ እሱም ስንቁ ነው፤ ዘሩ ሲበቅል ማናኔዝ የሚባል ኤንዛይም ይፈታዋል። የአብሽም ስንቅ ጋላክቶማናን ነው። አብሽ ውሃ ውስጥ ሲመታ የሚያነሣው ያ አረፋና ልጋግ እሱ ነው።

ቢላዋ በእጅ፦

ደንቢያ፣ ኑግን ራስህ አነሣኸው። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት አይዳቀልም፤ ንብ ከሌላ ተክል ማምጣት አለባት። ስለዚህ እጅግ ጥሩ ዘይት የሚሰጥ አንድ ተክል በማሳህ ውስጥ ብታገኝ፣ ዘሩን ሰብስበህ ብትዘራ ያንን ተክል አታገኘውም። ልጆቹ ሁሉ የተለያዩ ናቸው። ያንን ተክል እንዳለ ማስቀረት የሚቻለው ከሴሉ ነው።

ታሪኩም አዲስ አይደለም። ላይባህ በ1925 ሁለት የተልባ ዝርያዎችን ሲያዳቅል ዘሩ ይጨማደድና ሽሉ ይሞት ነበር። ሽሉን አውጥቶ ስኳር ባለበት ወረቀት ላይ አሳደገውና ተክል ሆነ። ዘሩ የሞተው ሽሉ ታሞ ሳይሆን የሚያጠባው ኢንዶስፐርም ስለወደቀበት ነበር። በ1941 ደግሞ የአጤ ፋሪስ ጨቅላ ሽሎች የኮኮናት ውሃ ሲጨመርላቸው አደጉ፤ የኮኮናት ውሃ ፈሳሽ ኢንዶስፐርም መሆኑን ልብ በል። ያው ልጆች የሚያብዱበት፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አጤ ፋሪስ ነው። የዚያው ወገን የሆነ ተክል በ1964 ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከወንዴ አበባው ሽል ተገኘበት፤ ከእናት ሴል ሳይሆን ከአበባ ዱቄት ሴል። ይህ መንገድ ዛሬ አዳዲስ የስንዴና የገብስ ዝርያ ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ያሳጥራል። የጤፍም ካልተዳቀለ አበባ ተክል ማግኘት እንደሚቻል በ2006 ታትሟል።

ደንቢያ አፈር፦

የተልባው ደስ ብሎኛል፤ አላውቀውም ነበር። ስለ ፓልሙ ግን የመለሰልኝ የለም።

አሮጌው መምህር፦

ስለ ፓልሙ ያልከው እውነት ነው፤ የሚከራከርህ የለም። ካለስ በኦክሲን ላይ በቆየ ቁጥር ለውጡ ይበዛል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ካለሱን አያስረጅም፤ ከአዲስ ቁራጭ ይጀምራል፤ ለገበሬ ከመስጠቱ በፊትም በማሳ አብቦ ያየዋል። ይህ ወጪ ነው፤ ለኑግ ያዋጣል ብዬ አልምልም። ለቡና ግን ያዋጣል።

እንፋሎት፦

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ላቦራቶሪ ቁሳቁስ የማጸዳና የማስቀቅል ቴክኒሽያን ነኝ። ግን ስለ ጎንደር አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ከላይ የጻፉት ሁሉ አላነሡትም። እህቴ ሆይ፣ ከሽሎችሽ ጋር ሻጋታ ወይም ነጭ ደመና ታያለሽ?

ሽል ፈላጊዋ፦

አዎ፣ በተለይ በፈሳሹ ላይ። እጄ ነው ብዬ ነበር። በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ዕቃ) በ15 ፒኤስአይ ግፊት ላይ ለ20 ደቂቃ ነው የማቆየው፤ መመሪያው እንደሚለው።

እንፋሎት፦

መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ራሱ የሚጫነው 78 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 101 ነው። የኦቶክሌቭሽ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ 15 ፒኤስአይ ማለት እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው። እዚህ ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጥሽ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባክቴሪያ ስፖር ደግሞ በእነዚያ አራት ዲግሪዎች ይተርፋል።

ጌጅ ብቻ ያለው ከሆነ 18 ተኩል አካባቢ ያስፈልግሻል፤ መሣሪያው ያን የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ገደብ እይ። የማይፈቅድ ከሆነ ሰዓቱን አርዝሚው። የሙቀት መለኪያ ያለው ከሆነ ግፊቱን ተይውና ሙቀቱን ተከተይ። ማብሰያ ድስት ዓይነቱን የምትጠቀሚ ከሆነም መጀመሪያ በውስጡ ያለውን አየር በደንብ አስወጪ፤ አየር ከቀረ ጌጁ ያታልልሻል።

ቢላዋ በእጅ የጻፈችው የ10 ደቂቃ መቀቀልም ይህን ማሰብ አለበት። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፕሮቲን ለማርጋት ይበቃል፤ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ስታወዳድሪ ግን ብትጽፊው ጥሩ ነው።

ሽል ፈላጊዋ፦

ጋሼ እንፋሎት፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ነገ ጠዋት የማየው የመጀመሪያው ነገር ነው። አሁን ወደ ማድረቂያው ልመለስ። ካቢኔው ጠንካራ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ማድረቅ በምን ይሆናል? የእርጥበት መቆጣጠሪያ ክፍል የለንም።

የአዘዞው፦

ጨው አለሽ?

ቢላዋ በእጅ፦

የአዘዞው አጭር ይወዳል፤ እኔ ላብራራ። በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ከታች ውሃ ላይ ያልሟሟ ጨው እስኪቀር ድረስ ጨው ብትጨምሪ፣ ከላይ ያለው አየር በቋሚ እርጥበት ላይ ይቆማል። የወጥ ጨው 75 በመቶ ይሰጥሻል። ፖታሲየም ሰልፌት 97፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 85፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 33 በመቶ አካባቢ። ሽሎቹን በትንሽ ወንፊት ላይ አድርገሽ ከፈሳሹ በላይ ታንጠለጥያቸዋለሽ። በፖታሲየም ሰልፌት ጀምረሽ ወደ ፖታሲየም ክሎራይዱ፣ ወደ ወጥ ጨው፣ በመጨረሻ ወደ ማግኒዥየም ታወርጃቸዋለሽ። በየእርከኑ አሳድሪያቸው፤ የሚቸኩል ነገር የለም። አዮዲን የሌለበት ጨው ይሻላል፤ ባይገኝም ለእርጥበቱ ልዩነት የለውም።

ማድረቁን ከመጀመርሽ በፊት ጥቂት ሽሎችን በአዮዲን ጠብታ ሞክሪ። ሆርሞን ያላገኙት ሽሎች ብዙ ጊዜ ስንቃቸው ስታርች ስለሆነ በጣም ይጠቁራሉ። በብስለቱ ሂደት ወደ ፕሮቲንና ዘይት የዞሩት ይቀንሳሉ። ማይክሮስኮፕሽ አለ፤ ዋጋው ጠብታ አዮዲን ነው።

መተማ ወርቅ፦

ከሰሊጥም ከኑግም ብትሞክሪ ብዬ ልጨምር። የኑግ ስንቅ በሁለቱ የሽል ቅጠሎች ውስጥ ነው፤ እንደ ካሮት በኢንዶስፐርም አይደለም። ቢላዋ በእጅ ያነሣችው የማወዳደር ችግር እዚያ ላይ ይቀላል፤ ቅርፊቱን መላጥ ብቻ ነው።

ሽል ፈላጊዋ፦

ኑጉ ለሚቀጥለው ይሁን፤ ሃሳቡ ግን ገብቶኛል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አብሲሲክ አሲድ አግኝቻለሁ፤ በትንሽ ጨለማ ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ዱቄት ነው። በሚዲየሙ፣ ማለትም በማሳደጊያው ፈሳሽ፣ ውስጥ ጨምሬ አብሬ ላስቀቅለው?

አሮጌው መምህር፦

አታስቀቅይው። መጀመሪያ በጥቂት ኤታኖል ፍቺው፤ ውሃ ብቻውን በደንብ አይፈታውም። ከዚያ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈሽ፣ ሚዲየሙ ከተቀቀለና ለእጅ ከበረደ በኋላ ጨምሪ። ብርሃን ያበላሸዋል፤ ብልቃጡንም የሽሎቹንም ዕቃ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልይ። ለ250 ሚሊሊትር 1.3 ሚሊግራም ይበቃሻል። ሚዛንሽ ያን ያህል ትንሽ ክብደት አይለካም፤ ስለዚህ 10 ሚሊግራም መዝነሽ በ10 ሚሊሊትር ኤታኖል ፍቺና ከእሱ 1.3 ሚሊሊትር ውሰጂ። ሆርሞን ላልሰጠሻቸው ሽሎች ደግሞ ያንኑ ያህል ባዶ ኤታኖል ጨምሪላቸው፤ አለበለዚያ ፈታኞችሽ ለውጡን ያመጣው ኤታኖሉ ነው ይሉሻል፤ እኔም ብሆን እጠይቅሻለሁ።

እንፋሎት፦

ማጣሪያው ፕላስቲክ ከሆነ በኦቶክሌቭ እንዳታስገቢው፤ አንዳንዱ ይቀልጣል። በላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ።